ስበትና ኳንተም ሜካኒክስ የሚጋጩበትን ልክ በራስ እጅ ለማስላት

የአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ (አጠቃላይ አንጻራዊነት) እና የጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠባይ የሚገልጸው ኳንተም ሜካኒክስ አልታረቁም ሲባል በብዛት ይሰማል፤ የሚጣሉት ከየትኛው ልክ ላይ ሲደርሱ እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገርም። ይህን ለማወቅ ሳይንሳዊ ካልኩሌተርና ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ።

በቅድሚያ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 3 × 10⁸ ሜትር ያህል ነው፤ ለ2 ፓይ የተካፈለው የፕላንክ ቋሚ 1.055 × 10⁻³⁴፣ የኒውተን የስበት ቋሚ ደግሞ 6.674 × 10⁻¹¹ ነው። ሁሉም በሜትር፣ በኪሎ ግራምና በሰከንድ የተለኩ ስለሆኑ መለኪያ መቀየር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ለአንድ አካል ሁለት ርዝመቶችን ያስሉ። የኳንተሙን ርዝመት ለማግኘት መጠነ ቁሱን በብርሃን ፍጥነት አባዝተው የፕላንክን ቋሚ ለውጤቱ ያካፍሉ፤ ብዜቱን በቅንፍ ካላስገቡት ካልኩሌተሩ ያሳስትዎታል። አንድን ቅንጣት ከዚህ ርዝመት በጠበበ ስፍራ ለመወሰን የሚጠይቀው ኢነርጂ አዳዲስ ቅንጣቶችን እስከ መፍጠር ይደርሳል። የስበቱን ርዝመት ለማግኘት ደግሞ የስበትን ቋሚ በመጠነ ቁሱ አባዝተው ለብርሃን ፍጥነት ሁለት ጊዜ ያካፍሉ፤ የውጤቱ እጥፍ፣ አካሉ ታምቆ ጥቁር ጉድጓድ የሚሆንበት ሬዲየስ ነው።

መጠነ ቁሱ 9.11 × 10⁻³¹ ኪሎ ግራም ለሆነው ኤሌክትሮን የኳንተሙ ርዝመት 3.9 × 10⁻¹³ ሜትር ሲሆን የስበቱ 6.8 × 10⁻⁵⁸ ብቻ ነው። ለመሬት ነገሩ ይገለበጣል፤ የስበቱ 4.4 ሚሊሜትር፣ የኳንተሙ 5.9 × 10⁻⁶⁸ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ ነው የፊዚክስ ሊቃውንት አንዱን ንድፈ ሐሳብ ይዘው ሌላውን ሳይነኩ ሊሠሩ የቻሉት።

አሁን ሁለቱ ርዝመቶች እኩል የሚሆኑበትን መጠነ ቁስ ይፈልጉ፤ የፕላንክን ቋሚ በብርሃን ፍጥነት አባዝተው፣ ለስበት ቋሚ አካፍለው ዳግም ዘሩን ሲያወጡ 2.18 × 10⁻⁸ ኪሎ ግራም፣ ማለትም 22 ማይክሮ ግራም ያህል ያገኛሉ። ርዝመቱም 1.6 × 10⁻³⁵ ሜትር ይመጣል። ማክስ ፕላንክ እንዲህ ያሉትን መለኪያዎች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ኳንተም ሜካኒክስም ሆነ አጠቃላይ አንጻራዊነት ገና ሳይኖሩ መሆኑ ያስገርማል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሩብ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያላት የአሸዋ ጠጠርም 22 ማይክሮ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ሆኖም መጠነ ቁሷ በእልፍ አእላፍ አቶሞች ላይ ስለተበተነ ምንም አይደርስባትም። ችግሩ የሚነሳው ያ ሁሉ በአንድ ቅንጣት ሲታጨቅ ነው። ከ1.6 × 10⁻³⁵ ሜትር ያነሰ ርቀት ለመለካት የሚያጥር ሞገድ፣ ለዚያም የሚበልጥ ኢነርጂ ያስፈልጋል፤ ኢነርጂው ግን ራሱ ስለሚስብ ሊታይ የተፈለገውን ስፍራ በጥቁር ጉድጓድ ይሸፍነዋል። ወደዚህ የሚያመራውን የመለካት ገደብ ሶቪየታዊው የፊዚክስ ሊቅ ማትቬይ ብሮንስታይን እ.ኤ.አ. በ1936 አመልክቶ ነበር።

በመጨረሻ ያንን 22 ማይክሮ ግራም ወደ ኢነርጂ ሲለውጡት፣ የቅንጣት ፊዚክስ ሊቃውንት በሚጠቀሙበት የኢነርጂ መለኪያ 1.22 × 10¹⁹ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። ይህን በጄኔቫ አቅራቢያ ያለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል (ሴርን) ትልቁ ቅንጣት አጋጪ ለደረሰበት 13,600 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያካፍሉት፤ መልሱ 900 ትሪሊዮን ገደማ ነው፤ ሁለቱ ንድፈ ሐሳቦች የሚጋጩበት ኢነርጂ አጋጪው ከደረሰበት የሚበልጠው ይህን ያህል እጥፍ ነው።