ቀይነቱ ሳይጠፋ የኪዝልጅክ ሸርቤት እንዴት ይሠራል?

በአውሮፓ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቱርክ ሱቅ ጎራ በሉ። እንደ ወይራ ፍሬ ሞላላ የሆነች ቀይ ፍሬ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቱርኮች ኪዝልጅክ፣ ጆርጂያዎች ሺንዲ፣ ኢራኖች ዞጋል አኽቴ ይሏታል። የሳይንስ ስሟ ኮርነስ ማስ ነው። እንዲሁ ስትበላ ትጎመዝዛለች፤ ሸርቤቷ፣ ማለትም ተቀቅላና ስኳር ገብቶባት የሚሠራው ቀዝቃዛ መጠጥ፣ ግን ግሩም ነው።

ቅላቷን የሰጣት አንቶሲያኒን የሚባል የተፈጥሮ ቀለም ነው። ከርከዴንም የሚያቀላው እሱው ነው። ይህ ቀለም ብዙ እሳት፣ ብርሃንና አየር አይወድም። ስለዚህ ሸርቤቱን ስትሠሩ ዓይናችሁ ከቀለሙ ላይ አይነሳ።

መጀመሪያ ፍሬዋን ምረጡ። ፈካ ያለ ቀይና ጠንካራ ከሆነች ገና ናት፤ አፍ ትይዛለች። የደረሰችው ጠቆር ያለ ቀይ ናት፣ ስትነካም ለስለስ ትላለች። ቀለሙም የሚበዛው በእሷ ውስጥ ነው። ቢጫ ዝርያም አለ፤ ይህ ቀለም እምብዛም ስለሌለው ለዛሬው ሥራ አይሆንም። አደራ፣ ለጌጥ ከተተከለ ዛፍ ላይ አትልቀሙ። ዘመዶቿ ብዙ ናቸው፣ የአንዳንዶቹም ፍሬ አይበላም።

500 ግራም ፍሬ እጠቡና 1 ሊትር ውኃ ጨምሩ። ድስቱ አሉሚኒየም አይሁን! የፍሬዋ አሲድ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ጣዕሙም ቀለሙም ይበላሻል። የማይዝግ ብረት ድስት ይሻላል። መፍላት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። 15 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ቆዳዋ ሲሰነጠቅ አውርዱት። ከዚያ በላይ ማንተክተክ ቀለሙን ማባከን ነው።

በረድ ሲል ወንፊት ላይ ገልብጣችሁ በእንጨት ማንኪያ እሹት። ዘሩ ይቀራል፣ ሥጋው ያልፋል። ደረቋን ካገኛችሁ 200 ግራም ያህል ሌሊቱን ዘፍዝፉና በዚያው ውኃ ቀቅሏት። የተዘፈዘፈችበትን ውኃ እንዳትደፉ፤ ቀለሙ የወጣው እዚያ ነው።

ልጆች ካሉ አንድ ነገር አሳዩአቸው። ጥቂት ሸርቤት በብርጭቆ ቀንሱና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጉበት። ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ፣ ሶዳው ሲበዛም ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ወዲያው ሎሚ ከጨመቃችሁበት መልሶ ይቀላል። አንቶሲያኒን ቅላቱን የሚይዘው አሲድ ሲያገኝ ነው።

አሁን ስኳር። 100 ግራም ይበቃል፣ ያነሰ ደግሞ ይሻላል። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ኢራን ውስጥ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ አነስተኛ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከፍሬዋ የተዘጋጀ ካፕሱል ለ6 ሳምንት የወሰዱት ሰዎች ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ቀንሶላቸዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው። የተወሰደውም ካፕሱል እንጂ ስኳር የገባበት ሸርቤት አይደለም። እንደ ጥሩ መጠጥ ጠጡት፣ መድኃኒታችሁን ግን በሱ አትተኩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየቀኑ አብዝቶ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር እንዳይበዛበት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ቀዩ ወደ ቡናማ ማድላት ከጀመረ አንቶሲያኒኑ እየከዳችሁ ነውና ቶሎ ጠጥታችሁ ጨርሱት።