ቤት ውስጥ ለተገጣጠመ መኪና የፊት መብራት እንዴት ይመረጣል?

እንግሊዝ አገር መኪና በኪት፣ ማለትም ተፈታቶ በክፍሎቹ፣ ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ መገጣጠም የቆየ ፍቅር ነው። ሎተስ ሰቨን የምትባለው ትንሽ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በኪት ትሸጥ ነበር። ካተርሃም የሚባለው ድርጅት በ1973 መብቱን ገዝቶ ዛሬም ይሠራታል። ግን መኪናው ስለተነሳ ብቻ መንገድ አይወጣም። ታርጋ ከመውጣቱ በፊት አይ ቪ ኤ የሚባለውን ምርመራ ማለፍ አለበት። እኛ ለቦሎ እንደምናስመረምረው ዓይነት ነው፤ ይሄኛው ግን በሚሊሜትር ይለካል።

ብዙ ሰው የፊት መብራት የሚገዛው በመልኩ ነው። መልኩ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከፊታችሁ የሚመጣው ሾፌር ዓይኑ ከተወጋ፣ ለአፍታም ቢሆን መንገዱን አያይም። ለዚህ ነው ደንቡ የጠበቀው፤ ልክም ነው።

ቦታውን ለኩ

ከመግዛታችሁም፣ ከመብሳታችሁም በፊት ሜትር ያዙ። አጭር መብራት፣ ማለትም ዝቅ ብሎ የሚያበራው፣ የታችኛው ጠርዙ ከመሬት ከ500 ሚሊሜትር በታች መሆን የለበትም። የላይኛው ጠርዝ ከ1200 አይበልጥም። የውጭ ጠርዙ ከመኪናው ዳር ወደ ውስጥ ከ400 ሚሊሜትር በላይ መግባት አይችልም። በሁለቱ መብራቶች የውስጥ ጠርዝ መካከል ደግሞ ቢያንስ 600 ሚሊሜትር ይኑር። መኪናው ከ1300 ሚሊሜትር ከጠበበ 400 ይበቃል።

በሰቨን ቅርጽ በተሠራ መኪና ላይ እንየው። ብዙዎቹ የሚይዙት 7 ኢንች ክብ መብራት ነው፤ 178 ሚሊሜትር ማለት ነው። 600 ሲደመር 178፣ 778 ይሆናል። ስለዚህ ከአንዱ መብራት መሃል እስከ ሌላው መሃል 780 ገደማ ያስፈልጋችኋል። አፍንጫው ግን ጠባብ ነው። መብራቶቹ በብረት ክንድ ወደ ውጭ ወጥተው የሚቆሙት ለውበት ብቻ እንዳልሆነ አሁን ገባችሁ። ትንሹን 5¾ ኢንች ከመረጣችሁ 746 ይበቃል።

ቁመቱን የምትለኩት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ሞተሩ ገብቶ፣ ነዳጅ ይዞ ነው። ባዶ ሻንሲ ላይ 510 ያነበባችሁት፣ ሞተር ሲገባ 490 ሊሆን ይችላል። ስፕሪንግም ከጊዜ በኋላ ይረግባል። ሦስት ሳንቲም ትርፍ ተዉ።

መስታወቱን አንብቡ

የመብራቱ ማንነት የተጻፈው መስታወቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የምትፈልጉት በክብ ውስጥ ያለ ትልቁን የላቲን «ኢ» ፊደል ነው። ከጎኑ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር ይነግራል፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 11 ብሪታንያ። የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ባለ 1ዱ ከባለ 11ዱ አይበልጥም። ርካሽ ዕቃ ላይ የሚታየው «ሲ ኢ» የሚል ምልክት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለመብራት ማረጋገጫ አይሆንም። «ዲ ኦ ቲ» የሚለውም የአሜሪካ ነው፤ እሱን ብቻ የያዘ መብራት አትግዙ።

ቀጥሎ ፊደላት አሉ። «ኤች ሲ» ካለ የሃሎጅን አጭር መብራት ነው። «ኤች አር» ረጅም ነው። «ኤች ሲ አር» ሁለቱንም ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ቀስቷን ነው። እንግሊዝ በግራ ይነዳል። ስለዚህ የአጭር መብራቱ ብርሃን በመኪናው ቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፤ በግራ በኩል፣ ወደ እግረኛው መንገድ ከፍ ይላል። ለግራ የተሠራ መብራት መስታወቱ ላይ አንድ ቀስት አለው። ከፊቱ ቆማችሁ ስታዩት ወደ ቀኛችሁ ያመለክታል። ቀስት ከሌለው በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ካያችሁ ለሁለቱም ይስተካከላል። እኛም አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ጀርመንም እንደዚያው። ከዚያ የመጣ ጥንድ መብራት የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንግሊዝ መንገድ ላይ የፊተኛውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። በዊንታ አይስተካከልም፤ ችግሩ ያለው መስታወቱ ወይም አንጸባራቂው ውስጥ ነው። ከኢንተርኔት ስትገዙ የመስታወቱን ፎቶ ጠይቁ። ሻጩ ካልላከ ተዉት።

ሁለቱም መብራቶች አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱን ከአንድ ቦታ፣ ሌላውን ከሌላ አትልቀሙ።

አምፖሉ

ለ7 ኢንች መብራት የተለመደው ኤች 4 አምፖል ነው፤ ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት። ይበቃል። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤል ኢ ዲ ወይም የዜኖን አምፖል መክተት ግን ተዉ። አንጸባራቂው የተሰላው አምፖሉ ውስጥ ለምትበራው ቀጭን ክር ቦታ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ሲዛነፍ ጨረሩ ይበተናል። በየዓመቱ በሚደረገው ምርመራም ይጥላችኋል። ኤል ኢ ዲ ከፈለጋችሁ ሙሉ መብራቱ ኤል ኢ ዲ ሆኖ የተሠራና በክብ ውስጥ «ኢ» ያለበትን ግዙ።

ቀለበትና ፍሬቻ

የመብራቱ ቀለበት ወይም ጥላ ከመስታወቱ ከ30 ሚሊሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ጠርዙም ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ክብነት ይኑረው፤ ሰው ቢነካ እንዳይቆርጥ ነው። ፍሬቻውን ከመብራቱ አጠገብ የምትሰቅሉ ከሆነ ምድቡን እዩ። ምድብ 1 ከአጭር መብራቱ ቢያንስ 40 ሚሊሜትር ይራቅ። «1ኤ» 20 ይበቃዋል። «1ቢ» ከዚያም መቅረብ ይችላል።

ሽቦው

60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ነው፤ ሁለቱ 10። ይህን ሁሉ በማብሪያው ውስጥ አታሳልፉ፤ ሪሌይ አስገቡ፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ነው። ቮልቴጁ አሥር በመቶ ቢወርድ የሃሎጅን ብርሃን ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። ቦዲው ፋይበርግላስ ከሆነ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ኔጌቲቭ ሽቦ እስከ ሻንሲው ሳቡ። ግራና ቀኙን በተለያየ ፊውዝ አድርጉ፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ቤት ያደርሳችኋል። ረጅሙ ሲበራ ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ ምልክት መታየት አለበት።

ማስተካከል

ለጥ ያለ ቦታ ፈልጉና መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። ሰው የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ። የመብራቱን መሃል ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ መስመር አስምሩ። አጭሩን አብሩ። ጨረሩ የሚቆረጥበት መስመር ካሰመራችሁት ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ዝቅ ይበል፤ ይህ ከ80 ሳንቲም ከፍታ በታች ለሚሰቀል መብራት ነው። መሃሉ 65 ሳንቲም ላይ ካለ፣ ጨረሩ ግድግዳው ላይ ከ50 እስከ 55 መካከል ይቆረጣል። ከፍ የሚለው ጫፍ በግራ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በቀኝ ከሆነ ዊንታውን አስቀምጡና መብራቱን መልሱ።

ለምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ነድታችሁ፣ ስፕሪንጉ ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ለኩ።