ለውሻውም ለባለቤቱም የሚመች ጓሮ እንዴት ይዘጋጃል?

በአጥሩ ሥር አበባ የተከልኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ውሻዬ ረጋግጦ አጠፋው። ለአራተኛ ጊዜ ችግኝ ከመግዛቴ በፊት ጎንበስ ብዬ መሬቱን ስመለከት፣ ከበሩ ተነሥቶ አጥሩን ተከትሎ እስከ ጓሮው ማዕዘን የሚዘልቅ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ እንደ አርማታ የጠጠረ መንገድ አገኘሁ። ለካ አበባውን ስተክል የኖርኩት ውሻው ጥበቃ በሚዞርበት መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር የተመሠረተው ያን ዕለት በገባኝ ነገር ላይ ነው፦ ውሻው የጓሮውን ንድፍ አስቀድሞ በእግሩ ስሎታል፤ የባለቤቱ ድርሻ ንድፉን አንብቦ የራሱን ፍላጎት በመካከሉ ማስገባት ነው።

1. አንድ ሳምንት ይመልከቱ፣ ከዚያ ይሣሉ

ምንም ነገር ከመቆፈርዎ ወይም ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ውሻው የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚሸናና የት እንደሚቆፍር ያስተውሉ። የጓሮውን ቅርጽ ከነልኩ በወረቀት ላይ ይሣሉና እነዚህን ቦታዎች ምልክት ያድርጉባቸው፤ ጥላ በየሰዓቱ የሚያርፍበትንና ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚያቁረውን ጎድጓዳ ቦታም በዚያው ላይ ያስፍሩ።

2. አጥሩን ያጥብቁ

ለትንሽ ውሻ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ መዝለል ለሚወድ ትልቅ ውሻ ግን 1.8 ሜትር ያስፈልጋል። የቱንም ያህል ከፍ ቢል አጥሩ ሥር የተቀመጠ በርሜል ወይም የእንጨት ክምር መወጣጫ ስለሚሆን ከአጥሩ ይራቅ። ውሻው ከሥር ቆፍሮ የሚያመልጥ ከሆነ፣ የሽቦ መረብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት አስገብተው የታችኛውን ጫፍ ወደ ጓሮው ውስጥ በማጠፍ አፈር ያልብሱት፤ ቆፋሪው መረቡን ሲያገኝ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ከመረቡ ጫፍ ወዲህ መቆፈርን አያስብም። በሩ በራሱ የሚዘጋ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ማምለጥ የሚደርሰው ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ሲተው ነውና። አላፊ አግዳሚው ላይ ለሚጮህ ውሻ ደግሞ ወደ ውጭ የማያሳይ ድፍን አጥር ከፍርግርግ ይሻላል።

3. የጥበቃ መንገዱን ይተዉለት

ከአጥሩ ወደ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ክፍት ይተዉና ድቡልቡል ደቃቅ ጠጠር ወይም የእንጨት ስብርባሪ ያልብሱት። የተፈለጠ ሹል ጠጠር የመዳፉን ሥጋ ስለሚያቆስል አይመከርም። ከመንገዱ ወዲህ ቁጥቋጦ በረድፍ ከተከሉ፣ ውሻው ከጀርባው እንደ ልቡ ሲዞር ከመቀመጫዎ የሚታየው አረንጓዴው ብቻ ይሆናል።

4. መጸዳጃውን ይለዩ

ሣር ላይ የሚወጣው ቢጫ ክብ ብዙ ሰው ያማርራል። ምክንያቱ በሽንቱ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ብዛት ነው፤ ማዳበሪያ የበዛበት ተክል እንደሚቃጠል ሁሉ የክቡ መካከል ይደርቃል፣ ናይትሮጅኑ ሳስቶ የደረሰበት ዳር ግን ከሌላው ሣር ይበልጥ ለምልሞ ይታያል። ሴት ውሻ ሣር ታደርቃለች የሚባለውም ሽንቷ የተለየ ሆኖ ሳይሆን ቁጢጥ ብላ ሁሉንም በአንድ ቦታ ስለምታፈስስ ነው። ወዲያው ብዙ ውኃ ማፍሰስ ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ይሁን እንጂ ዕድሜ ልክን ጆግ ይዞ ውሻ መከተል አይቻልም።

ስለዚህ ከመቀመጫውና ከአትክልት መደቡ የራቀ፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤት የማያመጣበት፣ 2 በ2 ሜትር የሚሆን ጥግ ይምረጡ። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩ፤ ከሥር ወፈር ያለ ድንጋይ፣ ከላይ ድቡልቡል ጠጠር ይሙሉበት፤ ወንድ ውሻ ካለዎት መካከሉ ላይ አጠር ያለ ግንድ ያቁሙለት። ከዚያም ለጥቂት ሳምንታት ጠዋት ሲነሣና ከበላ በኋላ በማሰሪያ ይዘው ወደዚያው ይውሰዱት፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀሙ። እንደጨረሰ እዚያው ቦታ ላይ እንዳላችሁ ይሸልሙት፤ ቤት ከደረሰ በኋላ የሚያገኘው ሽልማት ወደ ቤት ስለገባ የተሰጠው ይመስለዋል።

ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ያንሡ። በውስጡ ሊኖር የሚችለው የወስፋት እንቁላል ወደ ሰው ለመተላለፍ ከሚያበቃው ደረጃ የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ በትኩሱ ማንሣት አደጋውን ከምንጩ ያስቀራል፤ አፈር ውስጥ ከቀረ ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ለአትክልት ማዳበሪያም ፈጽሞ መዋል የለበትም።

5. ጥላና ውኃ

ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ ስለማያልበው ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። በመሆኑም ከቀትር በኋላ ያለው ጥላ፣ ማለትም በጓሮው ምዕራባዊ በኩል የቆመ ዛፍ ወይም ዳስ የሚጥለው፣ ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል። አርማታና ሰው ሠራሽ ሣር በፀሐይ እጅግ ይግላሉ፤ የእጅዎን ጀርባ ለ7 ሰከንድ ማሳረፍ ካልቻሉ የውሻው መዳፍም አይችልም። የውኃ ሳህኑን ጥላ ሥር ያኑሩ፣ ውኃውንም በየቀኑ ይለውጡ። የውሻ ቤት ካስፈለገ ቆሞ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት የሚያስችለው ይሁን እንጂ ከዚያ አይስፋ፤ በጣም ሰፊ ከሆነ በብርድ ጊዜ የውሻው ሙቀት ሊያሞቀው አይችልም። ወለሉም ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

6. መቆፈሪያ ይስጡት

መቆፈር ለአንዳንድ ውሾች ተፈጥሮ ስለሆነ በቁጣ አይተውም። 1 በ1.5 ሜትር የሚሆን፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የአሸዋ መደብ ያዘጋጁና የሚወደውን መጫወቻ ከላይ ትንሽ አሸዋ አልብሰው ይቅበሩለት፤ ሲያገኘው ያሞግሱት፤ በየጊዜውም ጠለቅ አድርገው ይቅበሩ። የአበባ መደብ ሲቆፍር ካገኙት ሳይጮኹ ወደዚህ ያምጡት።

7. መርዛማ ተክሎችን ያስወግዱ

ጉሎ፣ አስተናግር፣ ኦሊያንደር (ለጌጥ የሚተከል ባለ አበባ ቁጥቋጦ) እና ሳጎ ፓልም (ዘንባባ መሰል የጌጥ ተክል) ውሻ ባለበት ጓሮ ቦታ የላቸውም፤ የጉሎ ፍሬ የያዘው መርዝ ገዳይ ነው፣ ኦሊያንደር ልብን፣ ሳጎ ፓልም ጉበትን ያጠቃል። ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያኝክ ጥንቃቄው ለእርሱ ይበረታል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ተክሉን ሳይሆን ለተክሉ የሚደረገውን ነው። የአትክልት መደብ ለማልበስ የሚነጠፍ የካካዎ ገለባ በቸኮላት ውስጥ ያለውንና ለውሻ መርዝ የሆነውን ቴዎብሮሚን ይይዛል፤ ለቀንድ አውጣና ለአይጥ ማጥፊያ የሚደረግ መርዝ ውሻንም ይገድላል፤ ክዳን የሌለው የኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ የሻገተ ምግብ መብላትም ውሻን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለስላሳ አበባ ከፈለጉ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ ይትከሉ።

8. የራስዎን መቀመጫ ያስቀምጡ

ይህን በመጨረሻ ያነሣሁት ውጤቱ ከሁሉም የሚያመዝን ስለሆነ ነው። ጓሮው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ብቻውን የተተወ ውሻ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው በቤቱ በር ላይ ተኝቶ ነው። መቀመጫዎን መጸዳጃውን ሳይሆን መቆፈሪያውንና በጓሮው መካከል የሚሮጥበትን ክፍት ቦታ በሚያሳይ ጥላ ሥር ያድርጉ፣ ከጎኑም ለውሻው ዝቅ ያለ የእንጨት መደብ ይሥሩለት። ከመቀመጫው እስከ ቤቱ በር ያለውን መተላለፊያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያንጥፉበት፤ በየአንድ ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ እየራቀ ዝቅ ቢል ውኃ አይቋጥርም። በሩ አጠገብ ለፎጣ የሚሆን ምስማር ይምቱ፤ ጭቃ የያዘ መዳፍ ደጅ ላይ ካልተጠረገ የሚጠረገው ሶፋው ላይ ነው።