የአንበሳው መንጋጋ ለምን ይንቀጠቀጣል? ሞተር የተገጠመለት የቴአትር ራስ ቁር፣ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ሬድዮ፣ ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሰኔ ሲቃረብ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ነገር ይከመራል። የአንበሳ ራስ፣ የጅብ ራስ፣ የወፍ ራስ። የድራማ ክበብ ልጆች ለወላጆች በዓል የሚሠሩት ነው። ከካርቶን፣ ከስፖንጅና ከአሮጌ የግንባታ ሄልሜት ይሠሩትና እንደ ራስ ቁር ያጠልቁታል። ውስጡ ሰርቮ የሚባሉ፣ ወደታዘዙበት ማዕዘን ዞረው የሚቆሙ ትንንሽ ሞተሮች አሉ። መንጋጋው ይከፈታል፣ ጆሮው ይቆማል፣ ዓይኑ ይበራል።

በጣም የምወደው ሥራ ነው። አንድ ልጅ በገዛ እጁ የሠራው አንበሳ መድረክ ላይ አፉን ሲከፍት ማየት ደስ ይላል። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እያለቀሰ ሲመጣ ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ደጋግሜ ያየሁትን ብልሽት እዚህ ልጻፈው። ባትሪው መሞላቱን፣ ማብሪያው መከፈቱን፣ የሰርቮው ሶኬት ተገልብጦ አለመሰካቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

መንጋጋው ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲንቀሳቀስ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል

ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። አንዱ ሞተር ብቻውን ሲሞከር ይሠራል። ሌላውም ብቻውን ይሠራል። አራቱ አንድ ላይ ሲታዘዙ ግን መንጋጋው መንገድ ላይ ቆሞ ይርገበገባል። የዓይኑ መብራት ይደበዝዛል። ሞተሮቹን የሚያዘው አርዱይኖ የሚባል ሰሌዳ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ፕሮግራሙም ከመጀመሪያው ይነሳል።

ልጆቹ ሁሌ የሚሉኝ አንድ ነው። «ሞተሩ ተበላሽቷል።» አልተበላሸም። ርቦታል። የሚፈልገውን ያህል ኤሌክትሪክ እየደረሰው አይደለም።

አንድ ልጅ የአንበሳ ራስ ታቅፎ መጣ። «ወላሂ ጋሼ፣ ቤት ሲሠራ ነበር» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞተር ቀይሯል። ሞተሩ ደግሞ እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው አዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው ያስላከው። «አብሽር» አልኩትና ቮልት መለኪያ ቴስተሬን ሞተሩ ሶኬት ላይ ሰካሁ። ባትሪው ሳጥን ላይ አይደለም፤ ሞተሩ ሶኬት ላይ። ቆሞ ሳለ 6.1 ቮልት አነበብኩ። መንጋጋውና ጆሮዎቹ ሲነሱ ወደ 3.4 ወረደ። «እነዚያን የጣልካቸውን ሞተሮች አምጣቸው» አልኩት። ሦስቱም ጤነኞች ነበሩ። የምሳ ገንዘቡን አጠራቅሞ ነበር የገዛቸው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሒሳቡን እንየው። ኤስጂ90 የሚባለው ሰማያዊ ትንሽ ሰርቮ መዞር አቅቶት ሲታገት 0.7 አምፔር አካባቢ ይስባል። አራት ሲሆኑ ወደ 3 አምፔር ይጠጋል። ትልቁ ኤምጂ996አር ደግሞ በ6 ቮልት ሲታገት ብቻውን 2.5 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል። ሰርቮ ከቆመበት ሲነሳም ለቅጽበት ይህን ያህል ሊስብ ይችላል። የኮምፒውተር ተራ ዩኤስቢ ቀዳዳ የሚፈቅደው 0.5 አምፔር ነው። አርዱይኖው ላይ 5 ቮልት የሚል ቀዳዳ አለና አራት ሞተር ከዚያ ይበላል ማለት አይደለም። ካሬዋን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ደግሞ ለሞተር እንዳታስቧት። እሷ ለቴስተር ነው የምትሆነው። ሱቅ የሚሸጡት ርካሽ የሬድዮ ድንጋዮችም ሥራ ሳይጀመር ቮልታቸው ሙሉ ነው፤ ሲሳቡ ይሟሽሻሉ። ቆሞ የሚለካ ባትሪ ውሸታም ነው። እየሠራ ለኩት።

መፍትሄው ሞተሮቹን ለብቻቸው መመገብ ነው። እኔ የምጠቀመው 18650 የሚባሉትን ሁለት የሊትየም ባትሪዎች በተከታታይ አያይዤ ነው። ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ። ይህ ለትንሹ ሰርቮ ብዙ ነው፤ ያቃጥለዋል። ስለዚህ በመሃል ቮልት ማውረጃ ሰሌዳ ይገባል። ኤልኤም2596 ያለበት ሰሌዳ በቀላሉ ይገኛል። ማውረጃውን መጀመሪያ ለብቻው ከባትሪው ጋር አገናኙ፣ ቴስተር አድርጉበት፣ ትንሿን ብሎን እያዞራችሁ 5 ቮልት ላይ አቁሙ። ሞተር የሚገናኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ምን ቮልት ላይ እንደቆመ አይታወቅም። ሳይለኩ አገናኝተው ሞተር ያጨሱ ልጆች አውቃለሁ።

ማውረጃው 3 አምፔር ይላል። እስከ 2 አምፔር ተማመኑበት፤ ከዚያ በላይ ይግላል፣ የሙቀት መበተኛ ብረት ይፈልጋል። ሦስት ትልልቅ ሰርቮ ከገጠማችሁ ግን አይችልም። ትልቅ ማውረጃ ግዙ ወይም ለሁለት ክፈሉት።

ባትሪውን ለይቻለሁ፤ አሁን ጭራሽ አብዷል

አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ እንደነገርኩት ሞተሩን ለብቻው መገበ። ከዚያ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሳላዝዘው ይዞራል።» የጅብ ራስ ነበር። ጅቡ በራሱ ጊዜ አፉን ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ጠርቼው ሳየው የሞተሩ ባትሪ ኔጋቲቭና የአርዱይኖው ኔጋቲቭ አልተገናኙም። ከአርዱይኖው ትዕዛዝ የሚያደርሰው የሲግናል ሽቦ ብቻውን ተንጠልጥሏል። ሲግናል መመለሻ መንገድ ከሌለው ሞተሩ የሚሰማው ጫጫታ ነው። ሁለቱን ኔጋቲቮች በአንድ ሽቦ አገናኘሁለት። ጅቡ ሰከነ።

ፖዘቲቮቹን ግን አታገናኙ። ኔጋቲቭ ብቻ።

ባትሪውም ማውረጃውም ደህና ነው፤ አሁንም ይርገበገባል

ሽቦውን እዩት። ከአርዱይኖ ጋር የሚመጡት ባለቀለም ቀጫጭን ሽቦዎች ለሲግናል ናቸው። ልጆቹ ግን ከወገብ እስከ ራስ በእነሱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። 1 ሜትር ወጥቶ 1 ሜትር ሲመለስ፣ 2 አምፔር ሲያልፍበት፣ 0.8 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። 5 የነበረው 4.2 ሆኖ ይደርሳል። በ0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የመብራት ገመድ ቀይሩት፤ የሚጠፋው ከ0.1 ቮልት ያነሰ ይሆናል። ዋጋው ከአንድ ሞተር በጣም ያንሳል።

ለሙከራ የሚያገለግለውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ነጭ ሰሌዳ ራስ ቁር ውስጥ ያስቀመጠ ልጅ ያናድደኛል። ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ነው። የሚዘል፣ የሚጨፍር ልጅ ጭንቅላት ላይ ግን ሽቦው ይላቀቃል። በሶልደር በይዱት። በየዱም ናስትሮ አልብሱት።

ከሞተሮቹ አጠገብ ባለ 1000 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር ጨምሩ። ሞተሩ ሲነሳ የምትፈጠረዋን ቅጽበታዊ ረሃብ ይሸፍናል። ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ኔጋቲቭ ነው። ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል። ፊት አጠገብ እንደሚቀመጥ አስቡና ሁለቴ አረጋግጡ።

ፕሮግራሙ ላይም አራቱን በአንድ ጊዜ አታስነሱ። መንጋጋው ይነሳ፣ ከ0.15 ሰከንድ በኋላ ግራ ጆሮ፣ ቀጥሎ ቀኝ ጆሮ። ተመልካች ልዩነቱን አያውቀውም። እንዲያውም የእውነት እንስሳ ይመስላል።

ጸጥ ያለው ትዕይንት ላይ ሞተ

ይሄ ከሐይቅ የመጣ ነው። አንዲት ተማሪ የሐይቁን ወፎች እያየች ያደገች ናት፤ ምንቃሩ የሚከፈት የወፍ ራስ ሠራች። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ ብየዳዋን ሳየው ኮራሁባት። የምትመግበው በፓወር ባንክ ነበር። ልምምድ ላይ ይሠራል። ድራማው ላይ ግን ወፏ ዝም ብላ የምትቆምበት ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ምንቃሩ አልከፈት አለ።

ብዙ ፓወር ባንኮች የሚስባቸው ሲያንስ «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። አርዱይኖ ብቻውን የሚስበው እነሱን ነቅተው ለማቆየት አይበቃም። ሞተሮቹንም አርዱይኖውንም ወደ ሊትየም ባትሪና ማውረጃ ቀየርንላት። ፓወር ባንክ ብቻ ካላችሁ የዓይኖቹን መብራቶች ሳታጠፉ አቆዩ፤ አንዳንዱን ነቅቶ ያቆየዋል። ሙሉውን ድራማ ሳትሞክሩ ግን አትመኑት።

ስለ ሊትየም ባትሪ

ከሞተ ላፕቶፕ የተፈለፈለ ባትሪ አትጠቀሙ። ልባሱ የተቀደደ፣ ያበጠ፣ የዛገ ባትሪ አትጠቀሙ። ባትሪውን ራስ ቁሩ ውስጥ አታድርጉ፤ ወገብ ላይ በቀበቶ ይታሰር፣ ሽቦው በጀርባ ይውጣ። ከፖዘቲቩ ላይ ፊውዝ ይግባ። መከላከያ ሰሌዳ የሌለው ባትሪ አትግዙ። ስትሞሉት ተኝታችሁ አይሁን። ማጥፊያው የለበሰው ልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ልጁ የሆነ ነገር ሲሸተው በራሱ ማጥፋት አለበት፣ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የአገጩም ማሰሪያ በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ባትሪውን ራስ ቁሩ ውስጥ ያጣበቀ ልጅ ሲመጣ ነቅዬ ሳላወጣ ሌላውን ሥራ አልጀምርም።

ሞተሩ እያጓራ ይግላል፣ መንጋጋው ግን አይነሳም

ኤስጂ90 በ4.8 ቮልት 1.8 ኪሎ ግራም-ሴንቲ ሜትር ጉልበት አለው። ከዘንጉ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ 1.8 ኪሎ ይይዛል። ክብደቱ 9 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ 200 ግራም ብቻ። ይህም የመጨረሻ ጉልበቱ ነው፤ ለሥራ ግማሹን ቁጠሩ። ወረቀት በኮላ እየደራረቡ የሚሠሩት መንጋጋ ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። በስፖንጅ ሥሩት። ወይም ከላይ በብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ቁራጭ ወደ ላይ ሳቡት። ጎማው ክብደቱን ይሸከማል፣ ሞተሩ ማዘዝ ብቻ ይቀረዋል።

ተዘግቶ ሳለም የሚያጓራ ከሆነ ፕሮግራሙ መንጋጋው ከሚደርስበት በላይ እያዘዘው ነው። ሞተሩን መጀመሪያ 90 ዲግሪ ላይ አቁሙ፣ ክንዱን ከዚያ በኋላ ግጠሙ። የመዝጊያውን ማዕዘን በ2 ወይም በ3 ዲግሪ እያደረጋችሁ ቀንሱ፣ ጩኸቱ እስኪቆም።

ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ሲጠለቅ ይያዛል

ጭንቅላት ሲገባበት ካርቶኑ ወደ ጎን ይሰፋል። የግራና የቀኝ ማጠፊያዎች ከአንድ መስመር ይወጡና መንጋጋው ይቆለፋል። ከአሮጌ ጃንጥላ ዘንግ ቆርጣችሁ በሁለቱም በኩል አንድ ወጥ መስመር ላይ አድርጉት። የግንባታ ሄልሜቱን የውስጥ ቀበቶ አትጣሉ። እሱ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ውጩ አይነካም። ራስ ቁሩ ተጠልቆ ሳለ ነው መለካት ያለባችሁ።

ደሴ ላይ ጸንቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ ተላቀቀ

በሙቅ ኮላ የተጣበቀ ሞተር ነው። ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ሙቀቱ ይጨምራል። ዕቃው ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከዋለ ደግሞ ኮላው ይለሰልሳል። በ3ዲ ማተሚያ ፒኤልኤ ከሚባል ፕላስቲክ የታተመ ክፍልም 60 ዲግሪ አካባቢ ይጎብጣል። ሞተርን በብሎን እሰሩ። ሰርቮው ግራና ቀኝ ቀዳዳ ያለው ለዚህ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ከዘለለ የፕላስቲክ ጥርሱ ተሰብሯል። መንጋጋውን በእጁ ከፍቶ ለጓደኛ ያሳየ ልጅ አለ ማለት ነው። ጥርሱ ብረት ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን ከመግጠማችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ፕላስቲክ ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት አይደለም።

ግራና ቀኝ የተገጠሙ ሁለት ሞተሮች ከተጣሉ የአንዱን ማዕዘን ከ180 ቀንሱለት።

የዓይኑ መብራት አልደበዝዝም ካለና አርዱይኖው ላይ 9 ወይም 10 ቁጥር እግር ላይ ከሆነ፣ የሰርቮው ፕሮግራም ኡኖና ናኖ በሚባሉት የአርዱይኖ ዓይነቶች ላይ ሁለቱን እግሮች ለመብራት ማደብዘዣ ይከለክላል። ወደ 3 ወይም 5 አዙሩት።

ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚሠራ፣ አንገት ሲዞር የሚጠፋ ከሆነ አንገት ላይ ያለው ሽቦ ውስጡ ተቆርጧል። ሽቦውን ረዘም አድርጉና እንዲወዛወዝ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።

ፊት ለፊቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ ደሴ ብርድ ላይ ትንፋሽ ያለብሰዋል፣ ልጁም ደረጃውን አያይም። ከውስጥ በኩል ደረቅ ሳሙና ቀብታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉት። ከአገጩ በታችና ከአናቱ ላይ ቀዳዳ ክፈቱ። አሁንም ካላየ አንዲት ትንሽ ባለ 5 ቮልት ፋን አናቱ ላይ ወደ ውጭ እንድትነፋ ግጠሙ፤ ሽቦዋን ከማውረጃው ለብቻዋ አውጡላት፣ ከሞተሮቹ ሶኬት ላይ አትቀጥሏት።