ጣሪያው ለምን ይሄዳል? ከነጎድጓድ ነፋስ በፊትና በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በበልግ ወይም በክረምት መግቢያ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ነጎድጓዱ ይጀምራል። ገና ዝናቡ ሳይደርስ አቧራ ያዘለ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣና በደቂቃዎች ውስጥ የትምህርት ቤቱንም የገበሬውንም ቆርቆሮ ይገሸልጠዋል። ከዚያ «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነፋሱን ማስቀረት አይቻልም። ጣሪያውን ማትረፍ ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል።

የመጀመሪያው ስህተት «እኛ አገር አውሎ ነፋስ የለም» ብሎ መዘናጋት ነው። ቤት ለማፍረስ የግድ የሚሽከረከር ነፋስ አያስፈልግም። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ዝናብና በረዶ ያቀዘቀዘው አየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይፈሳል። አሜሪካ ውስጥ ነሐሴ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ነፋስ ከሳውዝ ዳኮታ እስከ ኦሃዮ 1,240 ኪሎ ሜትር ገደማ በ14 ሰዓት አቋርጧል። አዮዋ ላይ ሰፋፊ የበቆሎ ማሳዎችን አስተኝቷል፣ የብረት ጎተራዎችን አጨማድዷል።

ትልቁ ስህተት ገንዘቡን ሁሉ ቆርቆሮ ላይ ጨርሶ ማሰሪያውን መርሳት ነው። ነፋስ ጣሪያን ከላይ የሚጫን ይመስላል። በአብዛኛው ግን ወደ ላይ ነው የሚስበው፤ በተለይ ጠርዙንና ጥጉን። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከነፋስ በኋላ የጎረቤት ማሳ ላይ የወደቀ ጣሪያ ገልብጠው ይዩ። ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ከተመታበት እንጨት፣ ከነሞራሌው ነው የሄደው። የቆርቆሮው ሚስማር አልለቀቀም። የለቀቀው ሞራሌው ከወጋግራው (ከስሩ ከተሸከመው እንጨት) ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው፤ እዚያ ያለችው አንዲት ሚስማር ብቻ ናት። ስለዚህ ሞራሌውን ከወጋግራው፣ ወጋግራውን ከቋሚው ጋር በጥቁር ሽቦ ደጋግመው ጠምጥመው ይሰሩት። ጠርዝና ጥግ ላይ ሚስማሩን ያብዙት። ከግድግዳ አልፎ የሚወጣውን ጣሪያም ከልክ በላይ አያስረዝሙት፤ ነፋሱ ከስር የሚገባው በዚያ ነው።

ጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫን መፍትሔ አይደለም። ቆርቆሮው ሲነሳ ድንጋዩም ይወርዳል፤ የሚወርደው ሰው ላይ ሊሆን ይችላል።

ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በርና መስኮት ክፍት መተውም ስህተት ነው። የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውጪ ያለው ደግሞ ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ ቀላል ጣሪያ አይችለውም። ቀድመው ይዝጉ፣ ይቀርቅሩ።

ሌላው ስህተት ዛፍ ስር መጠለል ነው። ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ መብረቁም ረጅሙን ነገር ይመርጣል። እረኛ ልጆችን ይህን በቃል አስጠኗቸው። ብልጭታው ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ያኔ ሜዳውን ትቶ ቤት መግባት ነው። ከብቱ በኋላ ይሰበሰባል። ቤት ጥግ የበቀለ ረጅም ባህር ዛፍም ወደ ቤቱ ካዘመመ ደመና ሳይመጣ ቢቆረጥ ይሻላል።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ችኮላ ነው። የወደቀ የመብራት ሽቦ የሞተ ቢመስልም አይጠጉት፣ ልጆችንም ያርቁ። ማሳው ላይም ረጋ ማለት ይበጃል። ገና አበባ ያላወጣ በቆሎ ቢያጎነብስ በቀናት ውስጥ ራሱ ቀና ሊል ይችላል፤ በእጅ ልታቀኑት ስትሉ ሥሩ ይበጠሳል። የተጋሸበ ጤፍ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይነሳም። እዚያ ሥራው የሚሠራው ሲዘራ ነው፦ ዘርና ዩሪያ ሲበዛ አገዳው ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ በትንሽ ነፋስ ይተኛል።

የበረረውን ቆርቆሮ መልሶ መምታት ነውር የለውም። በአሮጌው ቀዳዳ መምታት ነው ስህተቱ። ነፋሱ ሲያርገበግበው ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ሚስማሩ ቢገባም አይይዝም። ቆርቆሮውን ትንሽ አንሸራትተው አዲስ ቦታ ላይ፣ በሞገዱ ጉብታ በኩል ይምቱት። አሮጌውን ቀዳዳ ይድፈኑት። ከዚያ በፊት ግን ጉዳቱን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ቀበሌ እርዳታ ለመጠየቅ ሲሄዱ ያስፈልግዎታል።