እስር ቤት ላይ ጥናት ለመስራት ስትነሱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ማስተርስም ሆነ ፒኤችዲ ላይ ሆናችሁ ስለ ማረሚያ ቤት መስራት የምትፈልጉ ልጆች በርቱ፣ በዚህ ዘርፍ የሚሰራ ሰው በጣም ያስፈልገናል። ግን ሲደጋገሙ የማያቸው ስህተቶች አሉ።

ትልቁ ስህተት የድጋፍ ደብዳቤ ካገኘሁ በቃ አለቀ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ይጽፍላችኋል፣ የማረሚያ ቤት ኮሚሽኑ ይፈቅዳል፣ ኃላፊው እስረኛውን አስጠርቶ ፊታችሁ ያስቀምጠዋል። እሱስ እሺ ብሏል ወይ? በኛ ህግ ፍርደኛ በአመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱን ሳይጨርስ፣ ሊወጣ የሚችለው የቅጣቱን ሁለት ሶስተኛ ሲጨርስ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው ነው፣ ያውም ጠባዩ ታይቶ። ስለዚህ ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ እያየው፣ እምቢ ብል ይጽፉብኛል ብሎ እየፈራ የፈረመው ፊርማ ፈቃድ ሊባል አይችልም። አመክሮውም ላይ ይግባኙም ላይ ምንም እንደማታደርጉለት ከመጀመሪያው ንገሩት፣ ፖሊስ የማይሰማበት ቦታ ጠይቁ፣ ካልተገኘ ስለ አያያዝ የሚጠይቁትን ጥያቄዎች ዝለሏቸው። ዳታው ቢጎድል ይጉደል፣ እናንተ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ እሱ ግን እዛው ነው የሚያድረው።

ሌላው ቀጠሮ እስረኛን፣ ማለትም ገና ያልተፈረደበትን፣ ከፍርደኛ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ነው። ቀጠሮ ላይ ያለ ሰው በህገ መንግስቱ አንቀጽ 20 መሰረት ንፁህ ሆኖ ነው የሚገመተው፣ "ወንጀሉን ለምን ሰራህ" ብላችሁ ጠይቃችሁት የመለሰላችሁን ስሙ ካለበት ማስታወሻ ላይ ካሰፈራችሁት ነገ ራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። ስለ ጉዳዩ ዝርዝር ባትጠይቁት ነው የሚሻለው።

ቃሊቲን ብቻ አይቶ "በኢትዮጵያ" ብሎ ርዕስ መስጠትም አለ። ዝዋይ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ድሬዳዋ ያሉትም የፌደራል ናቸው፣ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው አላቸው፣ አያያዙም በጀቱም ይለያያል።

ይቅርታና ምህረትንም አትቀላቅሉ፣ ይቅርታ ቅጣቱን ቢያስቀርም ፍርዱ መዝገብ ላይ ይቆያል፣ ምህረት ግን ጥፋተኝነቱንም ይሰርዘዋል፣ ይሄ ደግሞ ሰውየው ወጥቶ ስራ ሲፈልግ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን በሩ ላይ ያለውን ሰው ማለፍ ነው። ከጠዋት ጀምራ ተሰልፋ፣ ያመጣችውን ወጥ ፈታሹ ፊት ቀምሳ የምታስገባ እናት ለትራንስፖርት ስንት እንዳወጣች፣ ከስራ ስንት ቀን እንደቀረች የሚጠይቃት የለም። እሷን ለማናገር እኮ የሚያስጠራላችሁ ኃላፊ አያስፈልጋችሁም፣ ሰልፉ ጋ ሄዳችሁ ፈቃዷን ጠይቁና ጀምሩ።