የልጅነታችን ጠላ ጣዕም ከእንስራው ነው
በባሕር ዳር ጠላ በፕላስቲክ በርሜል ሲጠመቅ ስለማይ፣ የእናቶቻችንን ጠላ ለሚናፍቅ ሁሉ አንድ ነገር ላካፍል እወዳለሁ። ጌሾውና ብቅሉ ያው ሆኖ ሳለ ጣዕሙ የሚጎድለው፣ ፕላስቲክ እንደ ሸክላ ጢስ ይዞ ስለማያቆይ ነው። እንስራውን በግራዋ ቅጠል ደጋግማችሁ እሹት፤ አለቅልቃችሁም ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በሚጤስ የወይራ ፍልጥ ላይ አፉን ደፍታችሁ፣ ውስጡ ጠይም እስኪሆንና ሸክላው በእጅ ሲዳሰስ እስኪሞቅ ድረስ እጠኑት። አያቴ ስታጥን ወይራው ነበልባል እንዳያነሳ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር፤ ትክክል ነበረች፣ የሚፈለገው ጢሱ ነውና። ከዚያም ጢሱ በኖ ሳያልቅ ጌሾውን፣ ብቅሉንና ውሃውን ጨምራችሁ ጠንስሱ፤ አፉንም ወዲያው ግጠሙት።